«ቀይ ቀስቱ በዛብኝ»፦ የሰርኪት ቦርድ ጥያቄዎቻችሁ ከድሬዳዋና ከሐረር

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ኪካድ የተባለው ነፃ የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር ስለሚያደርገው የዲዛይን ሕግ ፍተሻ የሚጠይቁ ናቸው። በአጭሩ ዲ አር ሲ የምንለው ማለት ነው። ፍተሻው በሥዕሉ ላይ ያሉትን ርቀቶች፣ ስፋቶችና ቀዳዳዎች እየለካ ባለቤቱ በቅንብሩ ካስገባው ቁጥር ጋር ያስተያያል፣ ያልገጠመውን ቦታ በቀስት ያመለክታል፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ቁጥሩ ከተሳሳተ ፍርዱም ይሳሳታል፤ ከደረሱን ጥያቄዎች የአብዛኞቹ ሥርም እዚሁ ላይ ነው። የሜኑ ስሞቹን የወሰድነው ከ8ኛውና ከ9ኛው የኪካድ ዕትም ነው።

ጥያቄ፦ ሮቶ ላይ ውሃ ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ትንሽ ቦርድ ነድፌ ነበር። ፍተሻውን ሳስኬደው ከሁለት መቶ በላይ ስህተት አወጣብኝ። ቦርዱ የእጅ መዳፍ እንኳ አያክልም። የስክሪኑን ፎቶ ልኬላችኋለሁ። አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር?
(ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አያጥፉት። ሁለት መቶ ቀስት ማለት ሁለት መቶ ችግር ማለት አይደለም። በፎቶው ላይ እንዳየነው የእርስዎ ችግሮች አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን ደጋግመው ተቆጥረዋል። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች እየተከተሉ አንድ በአንድ ለማስተካከል አይሞክሩ፤ የሥራው ቅደም ተከተል ሌላ ነው።

መጀመሪያ የመዳብ ሙሌቱን፣ ማለትም ባዶውን ቦታ የሚሞላውን ሰፊ መዳብ፣ ያድሱ። ትራክ (ዕቃዎቹን የሚያገናኘውን የመዳብ መስመር) ወይም ኮምፖነንት ሲያንቀሳቅሱ የግራውንድ ሙሌቱ በነበረበት ይቀራል። ፍተሻው ያንን የድሮ ሙሌት አዲሱ ትራክ ላይ ተኝቶ ሲያገኘው ሾርት ነው ይላል። ኪቦርዱ ላይ «ቢ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሙሌቱ በአዲሱ አቀማመጥ ልክ እንደገና ይሠራል። በፍተሻው መስኮት ላይም ከመጀመሩ በፊት ሙሌቶቹን እንዲያድስ የምታዝ ሳጥን አለች፤ ምልክት አድርጉባትና ሁልጊዜ እንደዚያው ትቆይ። ፎቶው ላይ ከሚታዩት ቀስቶች ግማሽ ያህሉ በዚህ ብቻ የሚጠፉ ይመስለናል።

ቀጥሎ የቦርዱን ጠርዝ ይመልከቱ። «የቦርዱ ዙሪያ የተበላሸ ነው» የሚል አንድ መስመር አለ። አንድ ብቻ ስለሆነ ይናቃል እንጂ ከሁሉም በፊት መታረም ካለባቸው አንዱ እሱ ነው። ጠርዙ በአራት መስመር ተሥሎ አንደኛው ማዕዘን ላይ ሁለቱ ጫፎች ሳይነካኩ ቀርተዋል። ክፍተቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዓይን አያየውም። ዙሪያው ካልተዘጋ ደግሞ ሶፍትዌሩ የቦርዱን ውስጥና ውጭ መለየት ስለማይችል ከጠርዝ ርቀት ጋር የተያያዘ ፍተሻ ሁሉ አይታመንም። መስመሩን ሁለት ጊዜ ክሊክ ቢያደርጉት ወደ ቦታው ይወስድዎታል። ጫፎቹን ከመቀጠል ይልቅ አራቱንም መስመር ሰርዘው በሬክታንግል መሣያው አንዴ ቢሥሉት ይቀላል።

ሦስተኛው የክሊራንስ ቁጥሩ ነው፤ በማይገናኙ መዳቦች መካከል መቅረት ያለበት ክፍተት ማለት ነው። ኔት ክላሱ (ኔት ለሚባሉት ግንኙነቶች በቡድን ቅንብር የሚሰጥበት ቦታ) ላይ 0.3 ሚሊሜትር ጽፈዋል። ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ 32 እግር ያለው ባለ 0.8 ሚሊሜትር ዓይነት ነው፤ የአንዱ ፓድ (እግሩ የሚበየድበት መዳብ) ስፋት 0.55 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ በሁለት ፓዶች መካከል የሚቀረው 0.25 ብቻ ነው። በአራቱም ጎን ሰባት ሰባት ጥንድ ስላለ አንድ ቺፕ ብቻውን እስከ 28 ቀስት ያወጣል፤ እርስዎ ደግሞ ገና ትራክ እንኳ አልሳቡበትም። ቦርዱን ፋብሪካ የሚያሠሩት ከሆነ 0.2 ያድርጉት። ለባለ ሁለት ሌየር (የመዳብ ንብርብር) ቦርድ የቻይና ርካሽ አምራቾች እስከ 0.127 ይሠራሉ፤ 0.2 ለእነሱ ቀላል ነው። በቤት ውስጥ የሚሠሩት ከሆነ ግን ቀጣዩን መልስ ያንብቡ፤ ያ ቺፕ ራሱ ላይሆንዎት ይችላል።

የቀሩት ቢጫዎቹ የጽሑፍ ጉዳዮች ናቸው፤ የኮምፖነንት ስም ፓድ ላይ ወጣ፣ ከጠርዝ አለፈ፣ እንዲህ ያለ። ቦርድ አያበላሹም፤ አምራቹ ፓድ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ቆርጦ ይጥለዋል። ጽሑፉ ቁመቱ 1 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 0.15 ቢሆን በደንብ ይነበባል። ለመጨረሻ ያቆዩዋቸው።

ጥያቄ፦ ቦርዴን በካውያና በፌሪክ ክሎራይድ ነው የምሠራው፤ በቶነር የታተመውን ሥዕል በልብስ ካውያ መዳቡ ላይ አስተላልፌ የተረፈውን መዳብ በአሲዱ አስበላለሁ። ፍተሻው ዜሮ ስህተት አለኝ፤ ቦርዱ ሲወጣ ግን ሦስት ቦታ ሾርት ነበር፣ አንድ ትራክ ደግሞ ተበልቶ ተቆርጧል። ፍተሻው ታዲያ ምን ሲፈትሽ ነበር?
(ተማሪ፣ ሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ የፈተሸው ለፋብሪካ ነው። ኪካድ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት 0.2 ሚሊሜትር ክሊራንስ ይዞ ይመጣል። ያንን ካልቀየርሽው ሶፍትዌሩ ቦርዱን የሚሠራው በብርሃን የሚያትም፣ በማሽን የሚሰረስር ፋብሪካ ነው ብሎ ያስባል። ካውያ 0.2 አያውቅም። ቶነሩ ሲቀልጥ ወደ ጎን ይፈሳል፤ ክፍተቱ እየጠበበ ይመጣና ይገናኛል፤ ያንቺ ሾርት ይህ ነው። አሲዱ በበኩሉ መዳቡን ከላይ ብቻ ሳይሆን በቶነሩ ሥር ገብቶ ከጎንም ይበላል። መዳቡ 35 ማይክሮን ውፍረት ካለው በእያንዳንዱ ጎን ያን ያህል ሊሄድ ይችላል፤ ከሰዓቱ በላይ ከቆየ ከዚያም ይበልጣል። ቀጭን ትራክ ላይ ቶነሩ ትንሽ ከሳሳ ደግሞ እዚያው ይቆረጣል።

ስለዚህ ቦርድ ሰተፕ ውስጥ ገብተሽ ኮንስትሬይንትስ በሚለው ገጽ ላይ ቁጥሮቹን ለካውያ ቀይሪያቸው። እኛ የምንመክረው፦ ዝቅተኛ የትራክ ስፋት 0.4፣ ዝቅተኛ ክሊራንስ 0.4፣ በቀዳዳው ዙሪያ የሚቀረው የመዳብ ቀለበት 0.5፣ ዝቅተኛ ቀዳዳ 0.8 ሚሊሜትር። እነዚህ ወለል ናቸው። ኔት ክላሱ ላይ የዘወትር ስፋቱን 0.6 ወይም 0.8 አድርገሽ ጠባብ ቦታ ሲመጣ ብቻ ወደ 0.4 ውረጂ። ቪያ (ሁለቱን ሌየሮች የሚያገናኘው ቀዳዳ) 1.8 ሚሊሜትር ዲያሜትር ባለ 0.8 ቀዳዳ ይሁን፤ 1.8 ከ0.8 ሲቀነስ 1 ይቀራል፣ ለሁለት ሲካፈል 0.5፤ ከቀለበቱ ቁጥር ጋር ይገጥማል። በእጅ የተያዘ ትራፓኖ ፑንታው በቀላሉ 0.3 ያህል ስለሚስት ከዚያ የጠበበ ቀለበት ይቀደዳል።

እነዚህን ቁጥሮች ከተየብሽ በኋላ ፍተሻውን ብታስኬጂው ቀይ ቀስት ይዘንባል። ቦርዱ መጀመሪያውኑ ለካውያ አልተነደፈማ! አብዛኛው ቀስት በዲፕ ቺፖች (በሁለት ጎን ረድፍ እግር ባላቸው) እግር መካከል ያለፉ ትራኮች ላይ ነው የሚሆነው። ሒሳቡ ይኸውልሽ፤ እግሮቹ 2.54 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፣ ፓዱ 1.6 ነው፣ በመካከል የሚቀረው 0.94 ነው። 0.3 ትራክ በሁለቱም ጎን 0.3 ክፍተት ይዞ 0.9 ስለሚሆን በፋብሪካ ቦርድ ያልፋል። በ0.4 ግን 1.2 ያስፈልጋል፤ አይገባም። በእግሮች መካከል ማለፉን ትተሽ ከላይ ጃምፐር ሽቦ ወርውሪ። ፉትፕሪንቱንም (የዕቃውን የፓዶች ሥዕል) «ሎንግ ፓድስ» በሚለው ቀይሪው፤ እሱ ፓዱን 2.4 በ1.6 ስለሚያደርገው ፑንታው ቢስት እንኳ ሶልደር የሚይዝበት መዳብ ይተርፋል።

ፍተሻው ሊያውቀው የማይችል ሌላም ነገር አለ፤ በቤት የሚሠራ ቦርድ ቀዳዳው ውስጡ በመዳብ አይለበጥም። በሶፍትዌሩ ዓይን ቪያ ላይኛውንና ታችኛውን ሌየር ያገናኛል። ያንቺ ቦርድ ላይ የሚያገናኘው አንቺ አስገብተሽ ከሁለቱም በኩል ሶልደር ያደረግሽው ሽቦ ብቻ ነው። የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር ወይም የቺፕ ሶኬት ሥር ትራኩ በላይኛው ሌየር ከደረሰ፣ አካሉ ፓዱን ስለሚሸፍነው ሶልደር ማድረግ አትችዪም፤ ፍተሻው ግን «ተገናኝቷል» ይልሻል። ስለዚህ ወደ እንዲህ ያሉ ኮምፖነንቶች የሚሄድ ትራክ ሁሉ በታችኛው ሌየር ይድረስ።

ስለ አሲዱ አንድ ነገር ብቻ። ሲሞቅ ይፈጥናል። የድሬ ቀትር ላይ የሠራው ጓደኛሽ የነገረሽን ደቂቃ ሐረር ላይ እንዳለ አትውሰጂው፤ ሰዓት ሳይሆን ቦርዱን ነው ማየት ያለብሽ። ያለቀውን አሲድ ደግሞ ቦይ ውስጥ አትድፊው፤ በውስጡ የሟሟ መዳብ አለ። ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ በአንድ ቦርድ ላይ 220 ቮልት ከ5 ቮልት ጋር አለኝ። ለ220ው ኔት ክላስ ከፍቼ 6 ሚሊሜትር ክሊራንስ ሰጠሁት። አሁን ሪሌዩ (በ5 ቮልቱ 220ውን የሚያበራው ማብሪያ) ራሱ፣ ተርሚናሉ ራሱ ስህተት ነው ይለኛል። ገና ከሱቅ እንደወጣ ዕቃ እንዴት ስህተት ይሆናል? ቁጥሩን ልቀንሰው ወይስ ስህተቱን ልዝለለው?
(ኤሌክትሪሽያን፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱንም አያድርጉ። ቀስቶቹ የሚሉት ግን አንድ ዓይነት ነገር ስላልሆነ ለያይተን እንያቸው።

የኔት ክላስ ክሊራንስ የሚሠራው ከማንኛውም ሌላ ኔት ጋር ነው። ፌዙና ኒውትራሉ ሁለቱም በዚያ ክላስ ውስጥ ስላሉ ሶፍትዌሩ በእነሱም መካከል 6 ሚሊሜትር ይጠይቃል። የእርስዎ ሐሳብ ግን 6ቱ ሚሊሜትር በ220ውና በ5ቱ መካከል እንዲሆን ነበር። ስለዚህ የክላሱን ክሊራንስ ወደ 3 ሚሊሜትር ዝቅ ያድርጉ፤ ይህ በፌዝና በኒውትራል መካከል የሚሠራ ነው። ከዚያ ከስተም ሩልስ በሚለው ገጽ ላይ አንድ ሕግ ይጻፉ፤ አንደኛው ነገር የኤሲው (የ220ው) ክላስ አባል ሆኖ ሌላኛው ካልሆነ ክሊራንሱ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ይሁን የሚል። አጻጻፉን እዚያው ገጽ ላይ ያለው የእርዳታ መስኮት ከነምሳሌው ያሳያል፤ ጽፈው ሲጨርሱ ማረጋገጫውን ይጫኑ፣ አንድ ቅንፍ ቢጎድል ይነግርዎታል። ብዙ ሕግ ከጻፉ ከታች ያለው ይቀድማል፤ ጠቅላላውን ከላይ፣ ልዩውን ከታች ያድርጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናቅፍ ነገር አለ። ሪሌዩ ላይ የማይጠቀሙበት እግር ካለ፣ ለምሳሌ በዝግ የሚቆመው ኮንታክት ባዶ ከሆነ፣ ያ እግር የራሱ ስም የለሽ ኔት ኖሮት በዘወትሩ ክላስ ውስጥ ይወድቃል። ሶፍትዌሩም የ5 ቮልት ወገን መስሎት ከጎኑ ካለው ኮንታክት 6 ሚሊሜትር ይጠይቅለታል። ስኬማቲኩ (የሰርኪቱ ንድፍ) ላይ ለዚያ እግር ስም ይስጡትና ኤሲው ክላስ ውስጥ ያስገቡት። ሪሌዩ ሲጠፋ እዚያ እግር ላይ ፌዙ ስለሚቆም እውነቱም ይህ ነው።

ተርሚናሉ ላይ ሶፍትዌሩ ልክ ነው። በሁለት ቪቴዎቹ መካከል 5.08 ሚሊሜትር ያለው ዓይነት ነው፤ ፓዱ 2.6 ስለሆነ የሚቀረው 2.48 ነው። 3 አይሞላም። ከፊውዙ በፊት ያለ ቦታ ስለሆነ ደግሞ ሾርት ቢፈጠር የሚያቆመው ነገር ቅርብ የለም። ባለ 7.62 ሚሊሜትር ተርሚናል ይቀይሩት፤ ክፍተቱ ወደ 5 ይጠጋል።

ዋናው ሪሌዩ ነው። የላኩት ሥዕል ላይ ያለው ሰማያዊዋ ኩብ፣ ኤስ አር ዲ የምትባለው፣ በየሱቁ ያለችዋ ናት። ከሥር ቢያዩዋት ኮመን የሚባለው እግር በሁለቱ የኮይል እግሮች መካከል ነው የተተከለው። ከእግር እግር መሐል ለመሐል 6.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ፓዶቹን ሲቀንሱ የሚተርፈው ከ3.5 ብዙ አይበልጥም። በዚያ በኩል 220፣ በዚህ በኩል 5 ቮልት። ቀስቱ ውሸት አይደለም።

ቁጥሮቹን ከየት እንደምናመጣቸው እንናገር። አይ ኢ ሲ 60664 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የቤት መስመር ላይ በቋሚነት ለሚገናኝ ዕቃ፣ ሰው በሚነካው ወገንና በ220ው መካከል በአየር የሚለካው ርቀት 5.5 ሚሊሜትር ነው። በቦርዱ ገጽ ላይ የሚለካው ደግሞ ለ250 ቮልት በንጹሕ ሳጥን ውስጥ 5፣ አቧራና እርጥበት በሚገባበት 8 ነው። ሳጥንዎ ክፍት ከሆነና ለድሬ አቧራ ከተጋለጠ 8ቱን ይያዙ፤ ወይም ሳጥኑን ይድፈኑት። የአየሩ ቁጥር እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው የሚያገለግለው። ድሬዳዋ 1,200፣ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ሁለቱም ከዚያ በታች ናቸው። ዕቃውን አዲስ አበባ የሚሸጡት ከሆነ ግን ከተማው ከ2,300 በላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ስለሚዘል ደረጃው ለ3,000 ሜትር በ1.14 አባዙ ይላል። ለአዲስ አበባ በ1.05 ገደማ ሲያባዙ 5.8 ይሆናል፤ 6 የጻፉት ይበቃል።

ታዲያ ሪሌዩን ምን እናድርገው? ፓዶቹን ወደ 2 ሚሊሜትር ቢያሳንሱ 4.2 ያገኛሉ። በመካከላቸው 1.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ ቢያስቆርጡ በገጽ ላይ ያለው መንገድ ይረዝማል፣ አቧራም ድልድይ አይሠራም፤ የአየሩ ርቀት ግን ያው 4.2 ነው። ይህ ለነጠላ መከላከያ ይበቃል፣ ሰው ለሚነካው ግን አይበቃም። የእርስዎ ዓላማ ምን እንደሆነ አልነገሩንም። ከ5 ቮልቱ የሚወጣ ሽቦ ሮቶ ውስጥ ያለ ፍሎት ወይም የውሃ መለኪያ ዘንግ ጋር የሚደርስ ከሆነ፣ ውሃው ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው አለና በ4.2 አይታለፍም። ኮይሉ በአንድ ጫፍ፣ ኮንታክቶቹ በሌላ ጫፍ የሆኑ ሪሌዮች አሉ፤ የኦምሮን ጂ2አርኤል ወይም የሆንግፋ ኤችኤፍ115ኤፍ ዓይነት። ሁለቱም 6ቱን ሚሊሜትር ያለ ቀስት ያልፋሉ። ዋጋቸው ከሰማያዊዋ ይበልጣል፤ ይክፈሉት።

ስንጥቁን ሠርተው ቀስቱ ካልጠፋ አይደንግጡ። እስከ 8ኛው ዕትም ያለው ኪካድ የሚለካው ቀጥታውን ርቀት ብቻ ነው፤ ስንጥቁን ዞሮ የሚሄደውን አያይም። በ2025 የወጣው 9ኛው ዕትም በገጽ ላይ የሚሄደውን ርቀት የሚለካ ሕግ ጨምሯል፤ ሁለቱን ሕጎች ለየብቻ መጻፍ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ግራውንዱ ሙሉ ሙሌት አለው፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ውስጥ ተቀምጧል። ፍተሻው ግን ሦስት የግራውንድ ፓዶች አልተገናኙም፣ አንድ ደግሞ «የተራበ» ነው ይለኛል።
(ጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ ሙሌቱ ፓዱን የከበበው መስሎ ይታያል እንጂ ትራኮች ዙሪያውን አጥረውታል፤ ፓዱ ደሴት ላይ ነው። ደሴቷ ከዋናው ሙሌት ጋር ስለማትገናኝ ፓዱም ተነጥሎ ይቀራል። ቪያ ተክለህ በሌላኛው ሌየር ካለው ግራውንድ ጋር አገናኘው፤ ወይም ያጠረውን ትራክ ትንሽ ገፋ አድርገው። ከዚያ በፊት ግን የሙሌቱ ባሕርይ ላይ ኔቱ ግራውንድ መሆኑን አረጋግጥ፤ ሲሣል ኔት ሳይመረጥለት የቀረ ሙሌት መልኩ ከሌላው አይለይም፣ ከማንም ጋር ግን አይገናኝም።

«የተራበው» ፓድ ሌላ ነው። ፓዱ ሶልደር ሲደረግ ሙቀቱ ወደ ሙሌቱ እንዳይሸሽ በአራት ቀጫጭን ክንዶች ይያያዛል። አጠገቡ ትራክ ወይም ሌላ ፓድ ካለ ክንዶቹ ይቆረጡና አንድ ብቻ ይቀራል፤ ዘወትሩ ቢያንስ ሁለት ይጠይቃል። ፓዱ ብዙ ኃይል የማያልፍበት ከሆነ አንድ ክንድ ይበቃል፤ ያንን አንድ ቀስት ብቻ አግልለው። የኃይል ግራውንድ ከሆነ ግን ለዚያ ፓድ ብቻ ክንዱን አጥፍተህ በሙሉ አገናኘው፤ ሶልደር ስታደርግ የሶልደር ካውያው ትንሽ ይቆያል፣ ሌላ ጉዳት የለውም።

ጥያቄ፦ የዩኤስቢ ሶኬቱ ከቦርዱ ጠርዝ ወጣ ብሎ ነው መቀመጥ ያለበት። በየጊዜው ያስቸግረኛል። ፍተሻውን በሙሉ ላጥፋው?
(መጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ በሙሉ አታጥፋው። ቀስቱ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርገህ ያንን አንዱን ብቻ አግልለው፤ ምክንያቱን የምትጽፍበት ቦታ ካገኘህ «የሶኬት አካል፣ ሆን ተብሎ» ብለህ ጻፍ። እዚያው ሜኑ ላይ ያለው ሌላው ምርጫ የዚያን ዓይነት ስህተት በሙሉ ዝም እንዲል የሚያደርግ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሆኑ በስህተት ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ትራክ ከጠርዝ 0.1 ሚሊሜትር ላይ ብታሳልፍም ማንም አይነግርህም፤ ቦርዱ ሲቆረጥ መዳቡ ይላጣል። ሶኬቱን በኋላ ካንቀሳቀስከው የተገለለው ቀስት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ እንደገና አየው።

ጥያቄ፦ ለ220ው ኔት ክላስ የትራክ ስፋት 5 ሚሊሜትር ሰጥቻለሁ። አንድ ቦታ በ0.5 ስቤው ፍተሻው ምንም አላለም። ለምን?
(ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ኔት ክላስ ላይ የሚጻፈው ስፋት ትራክ መሳብ ሲጀምሩ የሚመጣልዎት ስፋት ነው እንጂ ወለል አይደለም። የክላሱ ክሊራንስ ይፈተሻል፤ ስፋቱ ግን የሚፈተሸው ኮንስትሬይንትስ ላይ ካለው የጠቅላላው ቦርድ ዝቅተኛ ቁጥር አንጻር ብቻ ነው። ይህንን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ወለል እንዲሆን ከፈለጉ ከስተም ሩልስ ላይ ለዚያ ክላስ የትራክ ስፋት ሕግ ይጻፉለት። ሙሌትም ቢሆን በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ክር ያህል ቀጥኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ኮንስትሬይንትስ ላይ ዝቅተኛ የግንኙነት ስፋት የሚል ቁጥር አለ፣ ሲመጣ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ከሆነ አይፈትሽም።

ስፋቱን ስንት እናድርገው ካሉ፣ በአይ ፒ ሲ 2221 (የሰርኪት ቦርድ ንድፍ ደረጃ) ቀመር መሠረት በ35 ማይክሮን መዳብ ላይ በውጭኛው ሌየር ከአካባቢው 10 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ፦ ለ1 አምፔር 0.3፣ ለ3 አምፔር 1.4፣ ለ5 አምፔር 2.8፣ ለ10 አምፔር 7.2 ሚሊሜትር። 20 ዲግሪ ይሙቅ ካሉ 10 አምፔሩ በ4.7 ያልፋል። ይህ ጭማሪው ነው፤ መነሻው የሳጥኑ ውስጥ ሙቀት ነው። በሰኔ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ የሚመታው የብረት ሳጥን ውስጥ ያለውን እጅዎን አስገብተው ይወቁት። ለድሬ በ10 ዲግሪው ይንደፉ።

ፓምፕ ከሆነ ግን ትራኩን ከማስፋት በፊት አንድ ነገር ያስቡ። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሲሠራ 3 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ሲነሳ ግን ብዙ እጥፍ ይስባል። ሪሌዩ ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ለሞተር አይደለም፤ ኮንታክቱ ተበይዶ ይቀርና ሮቶው ሲፈስ ያድራል። የቦርዱ ሪሌይ የኮንታክተር (ሞተር የሚያበራ ትልቅ ሪሌይ) ኮይል ብቻ ይሳብ፤ ሞተሩን ኮንታክተሩ ይሸከመው። ያኔ የቦርዱ ትራክ ከ1 አምፔር በታች ስለሚሆን 5 ሚሊሜትሩም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ፍተሻው ንጹሕ ነው፣ በመልቲሜትርም ሾርት የለም። ትራንዚስተሩ ግን ሪሌዩን አይስበውም፣ ይሞቃል። ሥዕሉ ላይ ቢሲ547 ነበር፤ ሱቅ ስላጣሁ 2ኤን3904 ገጠምኩ።
(ሐረር)

መልስ፦ እግሮቹን ወደ ታች፣ ጠፍጣፋውን ፊት ወደ አንቺ አዙረሽ ከግራ ስትቆጥሪ ቢሲ547 ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። 2ኤን3904 ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። የገጠምሽው ተገልብጦ ነው፤ አዙረሽ ትከዪው። ፍተሻው የሚያውቀው 1 ቁጥር ፓድ የትኛው ኔት ላይ እንዳለ ብቻ ስለሆነ ሱቁ ምን እንደሸጠልሽ አያውቅም። ከዚህ የባሰው 2ኤን2222 ነው፤ ፒኤን2222ኤ እና ፒ2ኤን2222ኤ በስማቸው መንትያ ይመስላሉ፣ እግራቸው ግን ተቃራኒ ነው። በሬጉሌተርም እንዲሁ ነው፤ የ7805 የብረት ጀርባ ግራውንድ ሲሆን የኤኤምኤስ1117 ጀርባ ውፅዓቱ ነው። አንዱን በሌላው ሥዕል ላይ የተከለ ሰው 5 ቮልቱን ከግራውንድ ጋር ያጋጫል።

በሚቀጥለው ዕቃ ስትቀይሪ ለውጡን ስኬማቲኩ ላይ አድርጊው። ከዚያ «ኤፍ 8»ን ተጭነሽ ወደ ቦርዱ አሻግሪውና ፍተሻውን ስታስኬጂ ስኬማቲኩና ቦርዱ መስማማታቸውን የምታጣራዋን ሳጥን አብረሽ ምልክት አድርጊባት፤ ሳይነካ ሲመጣ ምልክት የላትም። ቦርዱን ከመሥራትሽ በፊት ደግሞ ሥዕሉን በወረቀት ላይ በ1 ለ 1 አትመሽ ዕቃዎቹን እላዩ ላይ አስቀምጪ፤ የእግሮቹን ቅደም ተከተል ከዕቃው አምራች ዳታሺት ጋር እያስተያየሽ አንድ በአንድ ምልክት አድርጊ።